ኮርኒስና አየር፦ ስለ ቤት ሙቀት አያያዝ የቀረበ ትችት

በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው መጽሐፍ ወይም ቴያትር አይደለም፤ ጣሪያ ነው። አንባቢያችን ነገሩን እንደ ቀልድ እንዳይቆጥርብን እንለምናለን። ቤት ሰው አስቦ የሠራው ነገር እስከ ሆነ ድረስ አሳቡ መልካም ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው፤ ይልቁንም ስሕተቱ የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ሲሆን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞች ቤትን ከብርድ ለመጠበቅ ሲባል በቆርቆሮ ሥር የሚዘረጋው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። ቀድሞ አቡጄዲና ጋዜጣ ነበር፤ ቀጥሎ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከዚያም ቺፕውድ መጣ፤ ዛሬ ደግሞ ፎምና የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ንጣፍ፣ ገንዘብ ላለው ሰው የመስታወት ሱፍ ተጨምሯል። ይህን ሥራ የሚያመሰግን ብዙ ነው፤ የሚተች ግን እምብዛም አላጋጠመንም። እኛም ሥራው ክፉ ነው አንልም። ብርድ የማያስገባ ቤት ያለው ሰው ለማገዶና ለከሰል የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንስለታል፤ ልጆቹም በሌሊት አይንቀጠቀጡም። የእኛ ተቃውሞ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ይኸውም አየር የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ሳይሰጠው ቤቱ ይደፈናል፤ ከተደፈነም በኋላ የከሰል ማንደጃ ይገባበታል።

ስሕተቱ ከስሙ የሚጀምር ይመስለናል። አናጢዎቻችንም ባለቤቶችም ይህን ሁሉ በአንድነት «ኮርኒስ» ይሉታል። ቃሉ ከአውሮፓ ቋንቋ የመጣ ሲሆን በመጣበት አገር የሚያመለክተው ያጌጠ ጠርዝን ነው። በእኛም ዘንድ ኮርኒስ ማለት በመጀመሪያ ጌጥ ነው፤ እንግዳ ቀና ብሎ ቢያይ የማያሳፍር ማለት ነው። የሙቀት ማገጃ መሆኑ ሁለተኛ አሳብ ነው። ከአየር ጋራ ያለው ጉዳይ ግን ከነጭራሹ አይታሰብም።

ነገሩን በሚገባ ለማስረዳት ከሣር ክዳን ቤት እንነሣለን። የጎጆ ጣሪያ ወፍራም ነው፤ በሣሩ አገዳዎች መካከል የታሰረው አየር ስለማይንቀሳቀስ ሙቀትን ያግዳል። ማናቸውም የሙቀት ማገጃ፣ ፎሙም ሆነ የመስታወት ሱፉ፣ ሥራው ይኸው ነው፤ አየርን በትንንሽ ቦታ ከፋፍሎ አስሮ መያዝ። ጎጆ ግን ከዚህ ሌላ ሁለት ሥራ ይሠራል። ጢሱ በሣሩ መካከል እየሰረገ ይወጣል፤ ሲወጣም ሣሩን ያደርቀዋል፣ ተባይም ያባርርለታል። እሳት የማይነድበት ጎጆ ቶሎ ይበሰብሳል ማለታቸው ባላገሮች በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው። ከድስቱና ከተኙት ሰዎች እስትንፋስ የሚነሣውም እንፋሎት በዚያው መንገድ ይሄዳል። «ጢስ መውጫ አያጣም» የሚለው ተረት የተነገረው በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ስንል ጎጆን ለማሞገስ አይደለም። «አባቶቻችን ያውቁ ነበር» እያሉ የሚጽፉ ጓደኞቻችን አንድ ነገር ይረሳሉ፤ ጢሱ በሣሩ በኩል ከመውጣቱ በፊት በእናቶቻችን ዐይንና ሳንባ በኩል ያልፍ ነበር፤ በብዙ ቤትም ዛሬ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶና ከሰል በሚመጣ የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. በመላው ዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገምታል። ስለዚህ ከጎጆው የምንማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ጣሪያ ሙቀትን መያዝም፣ አየርን ማስወጣትም፣ እርጥበትን ማድረቅም ይጠበቅበታል።

ቆርቆሮ ወደ አዲስ አበባ መግባት የጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የጅቡቲው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. ከተማይቱ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ጭነቱ ቀለለ። ምስጋናው የሚገባው ነው። ዝናብ አያሳልፍም፤ እንደ ሣር በእሳት አይያያዝም፤ በየጥቂት ዓመቱ ክደኑኝ አይልም። ነገር ግን ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ብረትም ሙቀትን በማስተላለፍ ከደረቅ ሣር ክዳን በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። ከሦስቱ የጣሪያ ሥራዎች አንዱንም በሚገባ አይሠራም ማለት ነው፤ የሚሠራው አራተኛውን፣ ዝናብ መከላከልን ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት፣ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከውጭው አየር ይልቅ እንኳ ይቀዘቅዛል። በሥሩ የተኛ ሰው ደግሞ በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ በእስትንፋሱና በላቡ ይለቃል። አምስት ሰው ስምንት ሰዓት ቢተኛ ይህ 1.6 ሊትር ይሆናል። ይህ ሁሉ እንፋሎት ሞቆ ወደ ላይ ይወጣና የቀዘቀዘውን ብረት ሲነካ ጤዛ ይሆናል፤ ንጋት ላይም ይንጠባጠባል። ከእኛ አንዱ ያደገበት ቤት በየዓመቱ በታኅሣሥ ያፈስ ነበር፤ ዝናብ በሌለበት ወር ማለት ነው። አባቱ ሁለት ጊዜ ሠራተኛ አስመጥተው የሚስማሩን ቀዳዳ ሁሉ ሬንጅ አስቀቡት፤ ጣሪያውም እንደ ልማዱ በሚቀጥለው ታኅሣሥ አፈሰሰ። ቀዳዳ አልነበረውም። ጉድለቱ እንዲያውም የቀዳዳ ማጣት ነበር።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቤት ኮርኒስ ሲገባ ምን ይሆናል? ጠብታው ከዐይን ይሰወራል እንጂ አይቀርም። እንፋሎቱ በጣውላው መጋጠሚያና በአምፖሉ ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ እያለፈ ከቆርቆሮው ጋራ ይገናኛል፤ ጤዛውም ተመልሶ በኮርኒሱ ጀርባ ላይ ይወርዳል። ቺፕውዱ ውሃውን መጥጦ ያብጥና ሆዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሚስማሩ ይዝጋል፤ ማእዘኑ ላይ ጥቁር ሻጋታ ይታያል። ከአንድ ዓመት በኋላ ባለቤቱ አናጢውን ይወቅሳል፤ አናጢውም እንጨቱን ይወቅሳል።

ስለ አሉሚኒየሙ ንጣፍ ጥቂት እንናገር፤ በገበያ እጅግ የሚመሰገነው እርሱ ነውና። የሚያብረቀርቀው ገጽ ሙቀትን የሚመልሰው ከፊቱ ባዶ የአየር ቦታ ሲኖር ብቻ ነው። ከቆርቆሮው ጋራ ተጣብቆ ከተዘረጋ ሙቀቱ በመነካካት ያልፋልና ብልጭታው የሚጠቅመው ነገር የለም። ፎሙም እንዲሁ ከቆርቆሮው ጋራ ተጣብቆ መግባት የለበትም፤ በመካከላቸው ቢያንስ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ ቢኖር አየሩ ከክፈፉ ገብቶ በጣሪያው ጫፍ እየወጣ እርጥበቱን ይወስደዋል። ይህን ሻጩ አይናገርም፤ ገዢውም አይጠይቅም።

ለዚህ የጣሪያ ውስጥ አየር መለኪያ አለ። በአሜሪካ የቤት ሥራ ደንብ የአየር ቀዳዳዎቹ ጠቅላላ ስፋት ከኮርኒሱ ስፋት ከ150 እጅ አንዱን ያህል እንዲሆን ይጠየቃል፤ ቀዳዳዎቹ ግማሹ በታች በክፈፉ፣ ግማሹ በላይ በጣሪያው ጫፍ አጠገብ ሲሆኑ ከ300 እጅ አንዱ እንዲበቃ ይፈቀዳል። 30 ካሬ ሜትር ለሆነ ቤት በመጀመሪያው ስሌት 2,000 ካሬ ሳንቲሜትር፣ በሁለተኛው 1,000 ካሬ ሳንቲሜትር ይሆናል። ደንቡ ለሌላ አየር ጠባይ የወጣ ስለ ሆነ እንደ ሕግ አናነሣውም፤ ነገር ግን እኛ ካየናቸው ቤቶች መካከል የዚህን አሥረኛ እንኳ የከፈተ አልነበረም። ቀዳዳው አይጥና ወፍ፣ ንብም እንዳይገባበት በወንፊት ሽቦ መሸፈን አለበት፤ የሽቦው ክር የሚይዘውም ቦታ ከስፋቱ ላይ ይታሰባል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እንጨትና ስለ ሚስማር ነው። ዋናው ጉዳያችን ግን ይህ አይደለም። በዚህ ላይ አንባቢያችን ሁለት ዓይነት አየር እንዳለ እንዲለይልን እንፈልጋለን፤ አንዱ ከኮርኒሱ በላይ ያለው፣ ሁለተኛው ሰው የሚተነፍሰው የክፍሉ አየር ነው። የላይኛውን ማናፈስ እንጨቱን ያተርፋል፤ ከኮርኒሱ በታች የተኛውን ሰው ግን አያተርፍም። «ጣሪያው ቀዳዳ አለው፣ እንግዲህ አየር አይቸግረንም» የሚል የተማረ ሰው ሳይቀር ሰምተናል።

ኮርኒስ የሌለውን አሮጌ የጭቃ ቤት ቀና ብለን ብናይ፣ ግድግዳው ከቆርቆሮው ጋራ በሚገናኝበት ቦታ በቆርቆሮው ሞገድ ልክ ትንንሽ ቀዳዳዎች በረድፍ ተሰልፈው ብርሃን ሲያሳዩ እናገኛለን። እነዚህን ማንም አላቀዳቸውም፤ የቆርቆሮው ቅርጽ የፈጠራቸው ናቸው። ዳሩ ግን ከእሳቱ የተነሣው ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ በእነርሱ በኩል ይሄድ ነበር። ኮርኒስ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲዘረጋ ክፍሉ ከእነዚህ ቀዳዳዎች ጋራ ይቆራረጣል። ማንም ስላላቀዳቸው ሲዘጉም ማንም ልብ አላላቸውም። ባለቤቱ ቤቴን አሳመርኩ እንጂ የቤቴን ጢስ መውጫ ደፈንኩ ብሎ አያስብም፤ የማንደጃው ልማድም እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

ከሰል ከማገዶ የሚከፋው አደጋው ስለማይታይ ነው። ሰዎች ከሰሉን ከደጅ አቀጣጥለው፣ ጢሱ አልቆ ፍም ሲሆን ወደ ቤት ያስገቡታል፤ ጥንቃቄ ያደረጉም ይመስላቸዋል። የሚታየው ጢስ በእርግጥ አልቋል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ የቀላው ፍም ራሱ ያወጣዋል። ይህ ጋዝ ኦክሲጅንን በሚሸከመው የደም ክፍል ላይ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለ24 ሰዓት እንዳይታለፍ የመከረው መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 4 ሚሊግራም ነው። 30 ካሬ ሜትር ስፋትና ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ላለው ቤት ይህ በጠቅላላው 0.3 ግራም ይሆናል፤ ከአንድ ቁንጥር ጨው የማይበልጥ። ከዚህም በላይ እኛ የምንኖርበት ከተማ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ የምንተነፍሰው አየር ከመጀመሪያውም በሩብ ያህል የሳሳ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ራስ ምታት፣ ማዞርና እንቅልፍ ነው። ራስ ምታቱን ብርድ ነው ይሉታል፤ ብርድ ነው ሲሉም በሩን አጥብቀው ይዘጋሉ፣ ከሰልም ይጨምራሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የአራስ ቤት ነው። አራሷ ብርድ እንዳይመታት መስኮቱ በብርድ ልብስ ይጋረዳል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል፣ ማንደጃውም ከአልጋው አጠገብ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው በፍቅር ነው። አያቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ከራሳቸው በላይ ሣር ወይም ባዶ ቆርቆሮ ነበረ፤ የዛሬይቱ አራስ ከላይዋ ፎምና ጂፕሰም አለ። ልማዱ አልተለወጠም፤ ቤቱ ተለውጧል።

እዚህ ላይ እንደ እኛ ያሉትን ተማሪዎችና የጤና አስተማሪዎችንም መተቸት ግድ ይሆንብናል። ለሕዝቡ «መስኮት ክፈቱ» ብለን እንመክራለን፤ ምክሩ ስለማይፈጸም ሕዝቡን አላዋቂ እንላለን። ነገር ግን በታኅሣሥ ሌሊት መስኮት ከፍቶ መተኛት ማን ይወዳል? ሌባም አለ። ነፋስ ይመታኛል የሚለው ፍርሃት ደግሞ በአውቶቡስ መስኮት ምክንያት በየቀኑ የሚነሣውን ክርክር ላየ ሰው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። እኛ ራሳችን በዶርሚተሪያችን መስኮት ከፍተን አንተኛም። ስለዚህ ሰውን በየሌሊቱ ጀግና ሁን ከማለት ይልቅ ባለቤቱ ሊዘጋው የማያስፈልገውን ቀዳዳ አናጢው በሥራው ጊዜ ቢያበጅ ይሻላል። መግቢያው በአንዱ ግድግዳ ዝቅ ብሎ ከአልጋው በራቀ ቦታ፣ መውጫው በማዶኛው ግድግዳ ከኮርኒሱ ሥር ቢሆን ነፋሱ በተኛ ሰው ላይ አያልፍም። መውጫው በኮርኒሱ በኩል የሚሄድ ቧንቧ ከሆነ ደግሞ ቆርቆሮውን አልፎ ከቤቱ ውጭ መድረስ አለበት። ቧንቧው ከኮርኒሱ በላይ ተቆርጦ የቀረበት ቤት አይተናል፤ ያ የማእድ ቤቱን እንፋሎት ሁሉ ተሸክሞ ጣሪያው ውስጥ ማፍሰስ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን በከሰል አጠገብ መተኛት ደኅና አይሆንም፤ ከመተኛት በፊት ማንደጃው መውጣት አለበት። ቀዳዳው የሚያገለግለው ቡና ሲፈላና ወጥ ሲሠራ ነው፤ ለሌሊቱም እስትንፋስ።

ስለ ሠራተኛው ብዙ ሰው አያስብም። በ2009 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ መንግሥት ለቤቶች ጣሪያ የሙቀት ማገጃ የሚገባበትን ሰፊ ፕሮግራም አቋቁሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤቶች ተሠሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ አራት ወጣት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሦስቱ በኤሌክትሪክ፣ አንዱ በጣሪያ ሥር ባለው ሙቀት። ከሦስቱ ሁለቱ የአሉሚኒየም ንጣፍ ሲያነጥፉ የነበሩ ናቸው፤ ንጣፉ ራሱ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፣ የብረት መምቻውም ሽቦውን ይበሳል። ፕሮግራሙ በየካቲት 2010 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ ነገሩን እንዲመረምር የተሾመው ኮሚሽንም በ2014 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱን አቀረበ። ሀብትና ደንብ ባለበት አገር የሆነው ይህ ነው። በእኛ አሮጌ ቤቶች ከኮርኒስ በላይ ያለው ሽቦ በየመጋጠሚያው በናስትሮ የተጠቀለለ፣ አንዳንዱም አይጥ የበላው ነው። የሚያብረቀርቀውን ንጣፍ ይዞ ወደዚያ የሚወጣ ልጅ ቆጣሪው ሳይጠፋ መውጣት የለበትም። የመስታወት ሱፍ ከሆነ አፍና አፍንጫውን፣ እጁንም ይሸፍን፤ ቆርቆሮው በቀትር ስለሚግል ሥራው በማለዳ ቢሆን መልካም ነው፤ ከታችም ሲጠሩት የሚሰማው ሰው ይቁም። አሮጌ ኤተርኒት ካለ በመጋዝ አይቆረጥ፤ አቧራው አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላልና።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ የታወቀ ነገር ሆኖ ሳለ ስለምን አይሠራም? እኛ ያገኘነው ምክንያት ከብልሃት ጉድለት ይልቅ የሒሳብ ነው። የኮርኒስ ሥራ ዋጋው በካሬ ሜትር ይቆረጣል፤ በውሉ ላይ የእንጨቱ፣ የጣውላው፣ የሚስማሩና የቀለሙ ረድፍ አለ። የአየር ቀዳዳ የሚል ረድፍ ግን ባየናቸው ውሎች አላገኘንም። ቀዳዳ መክፈት፣ ወንፊት ሽቦ መምታት፣ ቆርቆሮ በስቶ ውሃ እንዳያሳልፍ አድርጎ ቧንቧ ማሳለፍ ግን ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ያልተከፈለበትን ግማሽ ቀን ማንም አይሠራም። ስለዚህ በውሉ ላይ ሁለት ረድፍ ቢጨመር እንወዳለን፤ አንዱ ለጣሪያው ውስጥ የሚከፈተው ቀዳዳ በካሬ ሳንቲሜትር፣ ሁለተኛው ለእያንዳንዱ ክፍል መግቢያና መውጫ በቁጥር።

ይህን አሳባችንን ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ለጨረሱ አንድ አዛውንት አናጢ አነበብንላቸው። ስለ ካርቦን ሞኖክሳይዱ የነገርናቸውን በዝምታ ሰሙ። ስለ ሁለቱ ረድፎች ስንነግራቸው ግን ሣቁና፣ «ልጆቼ፣ ክፈት ያለኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ሁሉም ዝጋ ነው የሚለኝ። ከከፈለኝማ እንኳን ቀዳዳ መስኮትም እጨምርለታለሁ» አሉን። ከዚያም የቧንቧውን መውጫ እንዴት እንደሚከድኑት፣ ዝናቡ እንዳይገባና አየሩ እንዳይታፈን የቆርቆሮውን ቆብ በስንት ጣት ከፍ እንደሚያደርጉት በእጃቸው እያሳዩ አስረዱን፤ ሦስት ጣት ነው።